ፖሉን ማን ያዘው?

መሬት ሲለካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገድ ዳር ወይም አዲስ ግንባታ በሚጀመርበት ቦታ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይቆምና አንድ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያጎነብስበታል። አላፊ አግዳሚው የሚያየው እሱን ነው። ልጆች ካሜራ ይመስላቸውና «አንሳን፣ አንሳን» ይሉታል። ከእሱ ሃምሳ ወይም መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ሰው ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ ፀሐይ ላይ ተገትሯል። እሱን ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን በዚህ ሁሉ የቅየሳ ዘመኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያጣላው፣ አጥር የሚያስፈርሰውና የተቀበረ ቱቦ የሚያስወጣው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ባለ ሦስት እግሩ ጋ ሳይሆን ዘንጉ ጋ መሆኑ ነው።

ዘንጉን እኛ «ፖል» እንለዋለን። አናቱ ላይ ፕሪዝም የሚባል መስታወት ይታሰራል። ባለ ሦስት እግሩ ላይ የተቀመጠው ቶታል ስቴሽን የብርሃን ጨረር ይልካል፤ ፕሪዝሙ ጨረሩን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል፤ መሣሪያው ርቀቱንና ማዕዘኖቹን ይዞ ቦታውን ያሰላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሚለካው መሬቱን አይደለም፤ አየር ላይ ያለውን ፕሪዝም ነው። ከፕሪዝሙ እስከ መሬቱ ያለውን ነገር በሙሉ አያውቀውም። ፖሉ ቀጥ ብሎ ይቁም ያዘንብል፣ ቁመቱ ስንት ይሁን፣ የታችኛው ጫፍ ችካሉ ላይ ይረፍ ከጎኑ፣ ለመሣሪያው ሁሉም አንድ ነው። ፖሉን የያዘውን ሰው አምኖ ቁጥር ይሰጣል።

ታዲያ ዕቃ ሲገዛ ምን እናደርጋለን? ለቶታል ስቴሽኑ ጨረታ ይወጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አንድ ሰከንድ ነው አምስት ሰከንድ እየተባለ ይከራከራሉ። ፖሉ ጋ ሲደርስ «ከነአክሰሰሪው» ተብሎ ይታለፋል። ሻጩም ሱቁ ውስጥ ያለውን ርካሽ ፖል ጨምሮ ይልካል። ማዕዘን በሰከንድ የሚያነብ መሣሪያ ገዝተን መሬቱን በተጣመመ ዘንግ እንነካዋለን ማለት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ፖሉ ወገብ ላይ ክብ ውሃ ልክ አለ፤ አረፋዋ መሃል ክቡ ውስጥ ስትገባ ፖሉ ቀጥ ብሏል እንላለን። ግን ውሃ ልክ ሁሉ እኩል አይደለም። አረፋዋ 2 ሚሊ ሜትር ስትንቀሳቀስ ፖሉ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚገልጽ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በደቂቃ ይነገራል። ደቂቃ ያልኩት የሰዓቱን ሳይሆን የማዕዘኑን ነው፤ 60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይሆናል። ርካሹ ፖል ላይ ብዙ ጊዜ 40 ደቂቃ ውሃ ልክ ይገኛል፤ ደህናው ላይ 8 ደቂቃ። ፕሪዝሙ 2 ሜትር ላይ ከተሰቀለና ፖሉ 40 ደቂቃ ካዘነበለ ነጥባችሁ 23 ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። 8 ደቂቃ ካዘነበለ ግን 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ውሃ ልኮች ከሩቅ ሲታዩ ያው ናቸው፤ ሁለቱም ላይ የምታዩት አረፋዋ ትንሽ ፈቀቅ ማለቷን ብቻ ነው።

ሁለት ሴንቲ ከምናምን ምን ታደርጋለች የሚል አይጠፋም። ቀላድ ማለት ገመድ ነው፤ አባቶቻችን መሬት በቀላድ ሲለኩ ስፋቱን የሚቆጥሩት በጋሻ ነበር፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ያኔ ገመዱን የያዘው ሰው ትንሽ ቢያላላው ማን ያውቅበታል? ዛሬ ከተማ ውስጥ የምንጨቃጨቀው በሴንቲ ነው። ፊቱ 10 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ በሙሉ 23 ሚሊ ሜትር ከተገፋ ከአንዱ ወደ ሌላው 0.23 ካሬ ሜትር አለፈ ማለት ነው። ነገሩ ካሬው ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ላይ ግንብ ይቆምበታል። በከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ በኋላ ደግሞ የተለካው ነገር ተመዝግቦ የሚኖር ሰነድ ይሆናል። ጎረቤቴ ገፋኝ ብሎ የሚከስ ሰው ስንት ጊዜ ገጥሞኛል፤ ቦታው ሄጄ ስለካው አንዳንዴ ማንም ማንንም አልገፋም፤ የገፋው ያዘነበለ ፖል ነው።

ከማዘንበል የባሰው ግን ቁመት ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በማንም ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ ጣቱ ወደ እኔው ነው።

ሥራው የፍሳሽ መስመር ነበር፤ ከላይ ሰፈር ተነሥቶ ታች ካለ ነባር ማንሆል ጋር የሚገናኝ። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 1 ሜትር። ፖል የሚይዙልኝ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሰው ፊት «ኢንጂነር»፣ ብቻችንን ስንሆን «ልጄ» ይሉኛል። ከጠዋት ጀምሮ ፖሉ 1.50 ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኤክስካቫተሩ የቆለለው አፈር ፕሪዝሙን ጋረደብኝ። ጋሼ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸውና ፖሉን ስበው 1.80 ላይ ቆለፉት። «አንድ ሰማንያ!» ብለው ጮሁም። በመሃላችን ገልባጭ መኪና እያለፈ ስለነበር ምን እንዳሉ በደንብ አልሰማሁም። ግን አውራ ጣቴን አንሥቼ አሳየኋቸው። እሺ ማለቴ ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለው ቁጥር 1.50 እንደሆነ ቀረ።

መሣሪያው ፕሪዝሙ ካለበት ከፍታ ላይ 1.50 ይቀንስና መሬቱ እዚህ ነው ይላል። እውነተኛው መሬት ግን ከዚያ 30 ሴንቲ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ «ገና 30 ሴንቲ ይቀራል፣ ቆፍሩ» ይለናል። ተቆፈረ። ቱቦው ተዘረጋ፣ ተቀበረ። ታች ማንሆሉ ጋ ሲደርስ ቱቦው ከመግቢያው 30 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቁጭ አለ። ፍሳሽ ሽቅብ አይወጣ ነገር! 30 ሴንቲ በዚያ ቁልቁለት የ30 ሜትር መስመር መውረጃ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቱቦ እየወጣ፣ ሥሩ እየተሞላና እየተጠቀጠቀ እንደገና ተዘረጋ።

ስብሰባ ተጠራ። «ፖሉን ማን ያዘው?» አለ ኃላፊው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ ነበር። ማን አነበበ፣ ማን መዘገበ የሚለው ከናካቴው አልተነሣም። እኔም አልተነፈስኩም። ጋሼ በሳምንቱ ሒሳባቸው ተሠርቶ ተሰናበቱ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ በወሩ መጨረሻም ደመወዜን ተቀበልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ሳይት በር ላይ በጥበቃነት ተቀጥረው አገኘኋቸው። ሻይ ቤት ገባንና ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ብርጭቆውን አስቀምጠው «ጣትህን እኮ አይቻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ይህቺን አንዲት ነገር ቢናገሩ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምሰናበተው።

ከዚያ ወዲህ አውራ ጣት አላሳይም፤ ከማንም አልቀበልምም። ፖል የያዘው ሰው ቁመቱን ይጠራል፣ እኔ ያንኑ ቁጥር ደግሜ እጠራለሁ፣ እሱ «ልክ ነው» ይላል። መኪና ካለፈ መኪናው እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ቁመት በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ከፍታው ወደሚታወቅ ነጥብ ተመልሰን አንዴ እናነባለን። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን አድርጌው ቢሆን ያቺ 30 ሴንቲ እዚያው ላይ ትታየኝ ነበር። ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍም አትናቁ፤ መሣሪያው ቢያስታውስም የቱ ሰዓት ላይ ተቀየረ ሲባል የሚያድናችሁ ደብተሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ግዢው እንሂድ። ፖል ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ክብደቱ ነው፤ «ካርቦን ፋይበር ነው፣ ላባ ነው» ይላችኋል። እውነት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሸከመው ሰው ክብደቱ ቀላል ነገር አይደለም። ካርቦን ሙቀትም ብዙ አይለውጠውም። ግን አሉሚኒየሙም በሙቀት ቢረዝም 2 ሜትሩ በ20 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ለተራ ሥራ የሚያስጨንቅ አይደለም። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎብጣል፣ ካርቦን ሲመታ ይሰነጠቃል። ፒክአፕ ላይ ከአካፋና ከዶማ ጋር ተጭኖ ለሚሄድ ፖል የትኛውም ዕድሜ የለውም።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው መቆለፊያውን ነው። በመጠምዘዝ የሚጠብቀው ዓይነት ሲገዛ ደስ ይላል፣ በፈለጋችሁት ቁመት ይቆማል። አቧራ ሲገባበት ግን ጥርሱ ይበላና ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል። ጠዋት 1.80 የነበረው ምሳ ሰዓት ላይ 1.78 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የነካው ሰው የለም። የእኛ አገር ሳይት ደግሞ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ለዚህ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ፒን የሚቆለፈው ይሻላል። ቁመቶቹ የተወሰኑ ናቸው፣ ወይ ይገባል ወይ አይገባም፣ መሃል ላይ የሚንሸራተት ነገር የለውም። መጠምዘዣ ያለው ካላችሁም ከመዝጋታችሁ በፊት በጨርቅ ጥረጉት። ዘይት ግን አታስነኩት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

ቀጥሎ የታችኛው ጫፍ። ሹሉ ብረት ተፈትቶ የሚቀየር መሆን አለበት፤ አስፋልትና ድንጋይ ላይ ሲመታ ይበላል፣ ሲበላ ፖሉ ያጥራል፣ ፖሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አይለወጥም። ስለዚህ በተጻፈው አትመኑ። በወር አንዴ ሜትር አውጥታችሁ ከጫፉ እስከ ፕሪዝሙ መሃል ለኩት። ጭቃ ላይ ደግሞ ሹሉ ጫፍ ይሰምጣል፤ መረሬ አፈር በክረምት ፖሉን የሚውጠው እያያችሁት ነው። የመሬት ከፍታ የምትወስዱ ከሆነ ሥሩ ላይ የሚገጠም ጠፍጣፋ ጫማ ግዙ፣ የጫማውንም ውፍረት ቁመቱ ላይ ደምሩ። አለበለዚያ አንድ ጠፍጣፋ ነገር አንጥፋችሁ ቁሙበት፤ ውፍረቱን መደመር አትርሱ እንጂ።

ከላይ ያለው መግጠሚያም ሁሉም ጋ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ 5/8 ኢንች ብሎን አላቸው፤ ላይካ የራሱ ለስላሳ መሰኪያ አለው። ሁለቱን ለማገናኘት አዳፕተር ሲጨመር ቁመቱ ይጨምራል፣ ያንን የሚያስታውስ ደግሞ ስንቱ ነው!

ፕሪዝሙን ካነሣን አይቀር፣ ፕሪዝም መዋዋስ የሚባል ልማድ አለን። «የእኛው ተሰብሯል፣ እስኪ ያንተን ለዛሬ» ይባላል፤ ይሰጣል፣ ይሠራል። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሪዝም ኮንስታንት የሚባል ማረሚያ ቁጥር አለው። ብርሃን መስታወት ውስጥ ከአየር ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚሄድና የፕሪዝሙ መሃል ሁልጊዜ በፖሉ ጫፍ ትክክል ስለማይውል፣ መሣሪያው ቁጥሩ ካልተነገረው ርቀቱን ያዛባዋል። አንዱ ፕሪዝም 0፣ ሌላው -30 ሚሊ ሜትር ነው። ላይካ ደግሞ አቆጣጠሩ ለብቻው ነው፤ እሱ 0 የሚለው ክቡ ፕሪዝም በሌሎች አምራቾች አቆጣጠር -34.4 ሚሊ ሜትር ይባላል። የላይካ ሠራተኛ ለቶፕኮን ወይም ለሶኪያ ሠራተኛ «የእኔ ዜሮ ነው» ብሎ ቢሰጠው አልዋሸም፤ ግን ሦስት ሴንቲ ከግማሽ አጋማሽ አበደረው። ይኼ ስህተት ደግሞ ከርቀት ጋር አያድግም፣ አይቀንስም። በ10 ሜትርም በ500 ሜትርም ያው ነው፤ ስለዚህ በዓይን አይጠረጠርም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ደልዳላ ቦታ ላይ በአንድ መስመር ሦስት ነጥብ ምቱ። መሣሪያውን መጀመሪያው ላይ አቁማችሁ እስከ መካከለኛውና እስከ መጨረሻው ለኩ፤ ከዚያ መካከለኛው ላይ አቁማችሁ እስከ መጨረሻው ለኩ። ሁለቱ አጫጭር ሲደመሩ ከረጅሙ ጋር እኩል መምጣት አለባቸው። ልዩነት ካለ ያ ልዩነት የኮንስታንቱ ስህተት ነው። ከቡና በፊት ያልቃል።

ውሃ ልኩንም እንዲሁ ፈትኑት። ፖሉን ባይፖድ ላይ፣ ማለትም ባለ ሁለት እግር መደገፊያው ላይ አቁሙና አረፋዋን መሃል አግቡ። ከዚያ የታችኛውን ጫፍ ሳታነሡ ፖሉን ግማሽ ዙር አዙሩት። አረፋዋ መሃል ከቀረች ደህና ናት። ከሸሸች የሸሸችውን ግማሹን በባይፖዱ እግር፣ ግማሹን በውሃ ልኩ ሥር ባሉት ትንንሽ ብሎኖች መልሱ፤ ደግማችሁ አዙሩ። ባይፖድ የሌለው ደግሞ የግንበኛ ቱምቢ ከበር ጉበን ላይ አንጠልጥሎ ፖሉን ከሁለት አቅጣጫ ከክሩ ጋር ያስተያይ። መጉበጡን ለማወቅ ልሙጥ ወለል ላይ ማንከባለል ይበቃል፤ የጎበጠ ፖል እየዘለለ ይሄዳል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ቢሮ ውስጥ ያየሁት ፖል ለመጋረጃ ማንጠልጠያነት ሁለት ዓመት አገልግሎ ወደ ሥራ የተመለሰ ነበር። ሰዎቹ ይስቁ ነበር፤ ልኬቱ ግን አያስቅም።

ሌላው ያለ ወጪ የሚገኝ ብልሃት ፕሪዝሙን ዝቅ ማድረግ ነው። የተቆለለ አፈር ወይም ሳር ካልጋረዳችሁ ለምን 2 ሜትር ላይ ትሰቅሉታላችሁ? የማዘንበሉ ስህተት ከቁመቱ ጋር ነው የሚያድገው። ያው 40 ደቂቃ በ1.30 ሜትር ቁመት 15 ሚሊ ሜትር ነው። የወሰን ማዕዘን ወይም የኮለን ማዕከል ስትመቱ ትንሿን ፕሪዝም አጭር ፖል ላይ አድርጋችሁ መሬት አጠገብ ካነበባችሁ፣ ማዘንበል የሚባለው ነገር ከናካቴው ሊረሳ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ስለ ሚሊ ሜትር አይደለም። አሉሚኒየምም ካርቦን ፋይበርም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ካርቦኑ ጥቁር ፕላስቲክ ስለሚመስል ብዙ ሰው አያውቀውም። ተስቦ 4 ሜትር ከምናምን የሚደርስ ፖል አለ፤ በላያችን ላይ የሚያልፈው መስመር ደግሞ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ሽቦው እስኪነካም አይጠብቅም፣ በቅርበት ብቻ ሊዘል ይችላል። ሽቦ ሥር ፖል አይሳብም፤ ዝናብ እየመጣ መብረቅ ሲያጉረመርም ፖሉ ይተኛል፣ የያዘውም ሰው ይሸሻል። ይኼን የማዘዝ ኃላፊነት የመሣሪያው ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ያለው እሱ ነውና።

«አሁን ሁሉም በጂፒኤስ ሆኗል፣ ፖል ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። የጂፒኤሱ አንቴና ታዲያ ምን ላይ ነው የተቀመጠው? እዚያው ፖል ላይ። ማዘንበልን ራሱ የሚያርም አዲስ ዓይነት መጥቷል፣ ጥሩ ነው፤ እሱም ቢሆን ቁመቱ በትክክል ካልተነገረው፣ ጫፉም ከተበላ ያው ነው። ፎቅ በተደራረበበት ጠባብ መንደር ውስጥ ሳተላይቱ ሲጠፋ ደግሞ ተመልሰን ወደ ፕሪዝሙ ነው የምንሄደው።

ቀያሽ ያልሆናችሁ አንባቢያን፣ እስከዚህ ካነበባችሁ ይህቺን ያዙ። ግቢያችሁን ሊለኩ ሲመጡ ባለ ሦስት እግሩ ጋ ሄዳችሁ አትገተሩ፤ እዚያ የምታዩት ነገር የለም። ፖሉ ጋ ሂዱ። ጫፉ ችካሉ ላይ ወይም ድንጋዩ ላይ የተመታው ምልክት ላይ ማረፉን እዩ፤ ከጎኑ ሳር ላይ ከሆነ ተናገሩ። የማዕዘን ነጥብ ላይ በእጅ ብቻ ተይዞ የሚወዛወዝ ከሆነ «መደገፊያ የላችሁም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ፖል የያዘው ልጅ ስልክ እያወራ ከሆነ እስኪጨርስ ይጠበቅ። ፖሉ ተስቦ ሲረዝም ካያችሁ ደግሞ ጆሯችሁን አቅኑ። ልጁ ቁጥር ይጠራል፤ ከወዲያ ማዶ ያው ቁጥር ተደግሞ መምጣት አለበት። አውራ ጣት ብቻ ከመጣ «ይቅርታ፣ ስንት አላችሁ?» በሉ።